የሁለት ሁለት ሰው የአገራት ዳርት ውድድር፦ በአንድ ቀን፣ ያለ ጭቅጭቅ ለመጨረስ ከቦርድ አሰቃቀል እስከ ፍጻሜ

ሰኔ ሲመጣ ፍራንክፈርት ላይ የዳርት (ፍላጻ ወደ ክብ ቦርድ የሚወረወርበት ጨዋታ) የዓለም ዋንጫ ይካሄዳል። 40 አገሮች፣ ከየአገሩ ሁለት ሁለት ተጫዋች። ያንን በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ በሳምንቱ «እኛም በሰፈራችን እናዘጋጅ» ይላል። አዳራሽ ይገኛል፣ ቦርድ ይገዛል፣ ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም ይጠራል። አንዱ ለኢትዮጵያ፣ ሌላው ለኤርትራ፣ ለጀርመን፣ ለቱርክ፣ ለፖላንድ ይሰለፋል። ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል።

ችግሩ የሚመጣው በዕለቱ ነው። እኩለ ሌሊት ተቃርቦ ግማሽ ፍጻሜው አልተጀመረም። አንዱ «32 ነበር የቀረን» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ 16 ነው» ይላል። ሦስት ቡድን እኩል ይሆንና ማን እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። እኔ በምኖርበት የጀርመን ከተማ መጀመሪያ ያገዝኩት ውድድር ልክ እንደዚህ ሆኖ ሳያልቅ ተበተነ። ሰው ተቀያይሞ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በደንብ አስጨርሰናል። ልዩነቱ የተጫዋቾቹ ችሎታ አልነበረም። ልዩነቱ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሰፈረው ነገር ነው።

ይህ መመሪያ ለ12 ቡድን፣ ለ4 ቦርድ እና ለአንድ ቀን የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መጀመሪያ አራት ቃላት

ሌግ ማለት ከ501 ተነስቶ፣ የተመታው ነጥብ እየተቀነሰ ዜሮ እስኪደረስ ያለው አንድ ዙር ጨዋታ ነው። ደብል በቦርዱ ጠርዝ ያለው ቀጭን ቀለበት ነው፤ ቁጥሩን በሁለት ያባዛል። ትሪፕል በጠርዙና በቦርዱ እምብርት መካከል ያለው ቀጭን ቀለበት ነው፤ በሦስት ያባዛል። ቡል መሃል ያለው ክብ ነው፤ ውስጠኛው 50፣ በዙሪያው ያለው 25 ነጥብ ይይዛል። ውስጠኛው ቡል እንደ ደብል ይቆጠራል። ሌግ የሚዘጋው በደብል ብቻ ስለሆነ ይህን ለሁሉም ንገሩ።

ደረጃ 1፦ ከሁለት ሳምንት በፊት ሕጉን በአንድ ገጽ ጻፉ

በቃል የተነገረ ሕግ በዕለቱ አይሠራም። የሚከተሉትን ጽፋችሁ ለየቡድኑ አስቀድማችሁ ላኩ።

1. ማን ለማን ይሰለፋል? በዓለም ዋንጫው ከየአገሩ በደረጃ ከፍተኛ የሆኑት ሁለቱ ናቸው የሚጠሩት። ለሰፈር ውድድር ግን ፓስፖርት አትጠይቁ። ፍራንክፈርት የተወለደ የአዲስ አበቤ ልጅ ለጀርመንም ለኢትዮጵያም መሰለፍ ይችላል። አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ግን መቀየር የለም።
2. ተቀያሪ ይፈቀዳል? አንድ ተቀያሪ ፍቀዱ፤ ስሙ ግን ከዕጣው በፊት መመዝገብ አለበት። አጣማሪው የቀረበት ሰው ብቻውን ልጫወት ቢል አትፍቀዱ። በሁለት ሰው ጨዋታ ተራው ሁሉ ይዛባል።
3. ዘግይቶ የመጣ ቡድን ምን ይሆናል? 15 ደቂቃ ጠብቁና ፎርፌ ስጡ። በምድብ ጨዋታ ፎርፌ 3 ለ 0 ይመዝገብ።
4. ቡድኖች እኩል ሲሆኑ ማን ያልፋል? (ደረጃ 8 ላይ ዝርዝሩ አለ።)
5. የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እሱ ራሱ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ለሱ ጨዋታ የሚዳኝ ሌላ ሰው ስሙ ይጻፍ።

ስለ ባንዲራም አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ የትኛው ባንዲራ ይሰቀል የሚለው ጥያቄ ብቻውን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። የሁሉንም አገር ስም በእኩል መጠን ወረቀት ላይ በእኩል ፊደል አትሙና ለጥፉ። ሰው ለጨዋታ ነው የተሰበሰበው።

ሰዓቱን ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ፣ ከጎኑም «በአውሮፓ ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩ። «በ4 ሰዓት እንጀምራለን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሐበሻው ጠዋት ሲደርስ ፖላንዳዊው ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ጊዜውን አስሉ

አብዛኛው ውድድር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በዓለም ዋንጫው የምድብ ጨዋታ ቀድሞ 4 ሌግ ያሸነፈ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 8፣ ፍጻሜው ደግሞ እስከ 10 ይደርሳል። ያንን ቀድታችሁ አታምጡ። እነሱ አራት ቀን አላቸው፤ ሌግ የሚዘጉትም በጥቂት ደቂቃ ነው።

የእኛን አስሉ። አንድ ተራ (ሦስት ፍላጻ ወርውሮ፣ ተመዝግቦ፣ ፍላጻ እስኪነቀል) 20 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በመዝናኛ የሚጫወት ቡድን ሌግ ለመዝጋት እስከ 15 ተራ ይፈልጋል። የሁለቱ ቡድን ድምር 30 ተራ ነው። ይህም 10 ደቂቃ ይሆናል።

በዚህ ሒሳብ እስከ 4 ሌግ የሚደረግ ጨዋታ በረዘመ ጊዜ 7 ሌግ፣ ማለትም 70 ደቂቃ ነው። 12 የምድብ ጨዋታ በሁለት ቦርድ ካካሄዳችሁ ምድቡ ብቻ 7 ሰዓት ይበላል። እኩለ ሌሊት የሚያስደርሰው ይህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

- የምድብ ጨዋታ፦ ቀድሞ 3 ሌግ ያሸነፈ። ቢረዝም 50 ደቂቃ።
- ግማሽ ፍጻሜ፦ ቀድሞ 4 ሌግ። ቢረዝም 70 ደቂቃ።
- ፍጻሜ፦ ቀድሞ 5 ሌግ። ቢረዝም 90 ደቂቃ።
- ለአንድ ምድብ አንድ ቦርድ። አራቱም ምድቦች እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ይጨርሳሉ።

የቀኑ አካሄድ በአውሮፓ ሰዓት ይህን ይመስላል። 9:00 ምዝገባና ማሟሟቂያ። 9:40 ዕጣ። 10:00 ምድብ። 13:00 ምሳ። 14:00 ሁለቱም ግማሽ ፍጻሜ በአንድ ጊዜ በሁለት ቦርድ። 15:30 ፍጻሜ። 17:00 ላይ ሁሉም ነገር ያልቃል።

ሌግ ከ10 ደቂቃ እንዳያልፍ ገደብ አድርጉ። ሁለቱም ቡድን 15፣ 15 ተራ ወርውረው ማንም ካልዘጋ፣ ከየቡድኑ አንድ ሰው አንድ ፍላጻ ወደ ቡል ይወርውር። የቀረበው ሌጉን ይወስዳል። ጀማሪዎች ደብል 1 ላይ ተጣብቀው ሃያ ደቂቃ ሲሞክሩ ያየ ሰው ይህን ሕግ አይንቀውም።

ደረጃ 3፦ ቦርዱን በልኩ ስቀሉ

ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢ (ወይም ክርና ድንጋይ) እና ወለል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ያስፈልጋችኋል።

1. ከወለል እስከ ቡሉ መሃል 1 ሜትር ከ73 ሳንቲም ለኩ።
2. ባለ 20 ቁጥሩ ክፍል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሁን። ጥቁሩ ነው 20 መሆን ያለበት፣ ነጩ አይደለም።
3. ከቦርዱ ፊት ቱምቢ ወደ ወለል ጣሉና ነጥቡን ምልክት አድርጉ።
4. ከዚያ ነጥብ 2 ሜትር ከ37 ሳንቲም ለኩና የመወርወሪያውን መስመር ለጥፉ።
5. በመጨረሻ አረጋግጡ። ከቡሉ መሃል እስከ መስመሩ በሰያፍ ሲለካ 2 ሜትር ከ93 ሳንቲም መምጣት አለበት። ካልመጣ አንዱ ልኬት ተሳስቷል።

ተጠንቀቁ። ርቀቱን ከግድግዳው አትለኩ። የቦርዱ ውፍረት ወደ 4 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ማቆሚያው ደግሞ ይጨምራል። ከግድግዳ የለካ ሰው ተጫዋቹን ያን ያህል ያስጠጋዋል። አራቱ ቦርዶች በአራት የተለያየ ርቀት ሆነው ያየሁበት ቀን አለ። ከአንድ ቦርድ ወደ ሌላ የተዛወረ ቡድን «እጄ ጠፋ» ሲል እውነቱን ነበር።

በብዙ ካፌ ያለው የኤሌክትሪክ ዳርት ሌላ ነገር ነው። የፍላጻው ጫፍ ፕላስቲክ ነው፣ መስመሩም 2 ሜትር ከ44 ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ውድድር አትቀላቅሉ። የዓለም ዋንጫው የሚካሄደው በብረት ጫፍና በቃጫ ቦርድ ነው።

በኪራይ አዳራሽ ግድግዳ አትብሱ። ለቦርድ ተብሎ የተሠራ በእግሩ የሚቆም ማቆሚያ ይሸጣል። በአንዱ ዝግጅታችን አራት ቀዳዳ ለዋስትና ካስያዝነው ገንዘብ ላይ ብዙ አስቆርጦናል። ማቆሚያው ከኋላ የሚከብድ ነገር ይፈልጋል፤ አለዚያ ፍላጻ ሲነቀል ይንሸራተትና ልኩ ይጠፋል። በየጨዋታው መካከል በሰያፉ ልኬት አንድ ጊዜ ፈትሹ።

በሁለት ቦርድ መሃል ቢያንስ 2 ሜትር ይኑር። ብርሃን ከፊት ይምጣ፣ የፍላጻው ጥላ ቦርዱ ላይ እንዳይረዝም። ከቦርዱ ጀርባና ዙሪያ ፍላጻ የሚይዝ ነገር አድርጉ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ሽቦ መትቶ የሚመለስ ፍላጻ እግር ላይ ይተከላል። ስለዚህ ነጠላ ጫማ ክልክል ነው። ልጆች ካሉ ከመወርወሪያው መስመር ፊት ለፊት ያለውን ቦታ በወንበር ዝጉት።

ደረጃ 4፦ ዕጣ አውጡ፣ ምድቡን ደልድሉ

በዓለም ዋንጫው አራቱ ጠንካራ አገሮች ምድብ ሳይገቡ በቀጥታ ወደ 16ቱ ያልፋሉ። ቀሪዎቹ 36 ሦስት ሦስት ሆነው በ12 ምድብ ይጫወታሉ፤ ከየምድቡ አንድ ብቻ ያልፋል። ለ12 ቡድን ቀጥታ ማለፍ አያስፈልግም። አራት ጠንካራ ቡድን ምረጡና በአራቱ ምድብ አንድ አንድ አስቀምጡ። የቀሩትን ስምንቱን በዕጣ በሁሉም ፊት አውጡ። ሕፃን ልጅ ያውጣ፤ ማንም አይጠረጥርም።

ጠንካራ የሚባለውን በስም አትገምቱ። በ2025 ፍራንክፈርት ላይ እንግሊዝ ያሰለፈችው በዓለም ደረጃ አንደኛና ሁለተኛ የነበሩትን ሉክ ሃምፍሪስን እና ሉክ ሊትለርን ነበር። በመጀመሪያ ጨዋታቸው በጀርመኖቹ ማርቲን ሺንድለር እና ሪካርዶ ፒየትሬችኮ 8 ለ 4 ተሸንፈው ወጡ። ከማሟሟቂያው ላይ ሁለቱም አባላት ዘጠኝ ዘጠኝ ፍላጻ ይወርውሩ፣ ድምሩን ያዙ። በእሱ ደልድሉ።

የምድቡ ቅደም ተከተል

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። በምድቡ ሀ፣ ለ እና ሐ አሉ እንበል።

1. መጀመሪያ ሀ ከለ ይጫወታሉ። ሐ ነጥብ ይመዘግባል።
2. ቀጥሎ የተሸነፈው ከሐ ይጫወታል። ያሸነፈው ይመዘግባል።
3. በመጨረሻ መጀመሪያ ያሸነፈው ከሐ ይጫወታል። ቀሪው ይመዘግባል።

ለምን የተሸነፈው ቀድሞ? ያሸነፈው ቀጥሎ ቢጫወትና ድጋሚ ቢያሸንፍ ምድቡ እዚያው ያልቃል፤ ሦስተኛው ጨዋታ ትርጉም ያጣል። ትርጉም በሌለው ጨዋታ ደግሞ ሰው ይቀልዳል፣ ይዘገያል፣ ጥሎ ይሄዳል። በዚህ አካሄድ ግን የመጨረሻው ጨዋታ ሁልጊዜ ምድቡን ይወስናል። የማይጫወተው ቡድን ስለሚመዘግብም ሌላ ሰው መፈለግ ቀረ።

ደረጃ 5፦ ነጥብ መዝጋቢዎችን አለማምዱ

ከማሟሟቂያው በፊት ሁሉንም ሰብስባችሁ አሥር ደቂቃ አሳዩ። በየቦርዱ ሁለት ሰው ይቁም። አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል።

1. ተጫዋቹ ሦስቱን ፍላጻ ይወረውራል። ቦርዱን አይነካም።
2. ጠሪው ቀርቦ አይቶ ድምሩን ጮክ ብሎ ይናገራል።
3. ጸሐፊው ሁለት ነገር ይጽፋል፦ በግራ የተገኘውን፣ በቀኝ የቀረውን።
4. ከዚያ ብቻ ፍላጻ ይነቀላል።

አራተኛውን ያላከበረ ቡድን ክርክር ቢነሳ የመከራከር መብት የለውም። ፍላጻው ከወጣ በኋላ ማስረጃ የለም።

ምሳሌ እንይ። 60 ሲገኝ 441 ይቀራል። 45 ሲጨመር 396። 85 ሲጨመር 311። ለማጣራት የግራውን ደምሩ፦ 60፣ 45 እና 85 አብረው 190 ናቸው። ከ501 ላይ 190 ሲቀነስ 311። ልክ ነው። በየአራት ተራው እንዲህ አጣሩ። በስልክ የሚሠራ መመዝገቢያ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ወረቀቱን ግን አትተዉ። ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ የቀረው ነጥብ አብሮ ይጠፋል።

ጠሪው «86 ይቀርሃል» ማለት ይችላል። «ትሪፕል 18 ምታ» ማለት አይችልም። ያ የአጣማሪው ሥራ ነው። ሁለቱም መዝጋቢዎች ተጫዋቹ ሲወረውር አይንቀሳቀሱ፣ ዞረው ፊቱን አይዩ።

ደረጃ 6፦ ጨዋታውን አስጀምሩ

ማን ይጀምራል? ከየቡድኑ አንድ ሰው አንድ ፍላጻ ወደ ቡል ይወረውራል። የቀረበው ቡድን አንደኛውን ሌግ ይጀምራል። ከዚያ በየሌጉ ይፈራረቃሉ። እኩል ከቀረቡ ድጋሚ ይወርወር፣ በዚህኛው ዙር ግን ሁለተኛ የነበረው ይቅደም።

ተራው። የሀ አንደኛ ሰው፣ የለ አንደኛ ሰው፣ የሀ ሁለተኛ ሰው፣ የለ ሁለተኛ ሰው። ከዚያ ከመጀመሪያው። የአራቱን ስም በዚህ ቅደም ተከተል በወረቀቱ ራስ ላይ ጻፉ። ነጥቡ የቡድን ነው፤ ሁለቱም ከአንድ 501 ላይ ነው የሚቀንሱት። ለየብቻ 501 የሚይዙ የሚመስላቸው አሉ፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

መቃጠል። ትልቁ የጭቅጭቅ ምንጭ ይህ ነው። ቡድን የሚቃጠለው በሦስት መንገድ ነው። ከቀረው በላይ ሲመታ፣ 1 ሲያስቀር፣ ወይም ዜሮ ደርሶ የመጨረሻው ፍላጻ ደብል ሳይሆን ሲቀር። ሲቃጠል ተራው እዚያው ያበቃል፤ ቀሪ ፍላጻ ካለ አይወረወርም። ነጥቡም ከዚያ ተራ በፊት ወደነበረው ይመለሳል።

ምሳሌ። 32 ቀርቷል። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ፍላጻ ነጠላ 16 (ከቀጭኖቹ ቀለበቶች ውጭ ያለውን) መታ፣ 16 ቀረ። በሁለተኛው ስቶ 20 መታ። ተቃጠለ። የሚመለሰው ወደ 32 ነው። 16 ላይ አይቆምም። ተጋጣሚው ከወረወረ በኋላ አጣማሪው ከ32 ይነሳል። ይህን በትልቁ ጽፋችሁ ከየቦርዱ አጠገብ ለጥፉት።

የወደቀ ፍላጻ። ጠሪው ቆጥሮ ሳይጨርስ ከወደቀ አይቆጠርም፣ ድጋሚም አይወረወርም። ሽቦ ላይ ያለ ከመሰለ ጫፉ በየትኛው ክፍል እንደገባ ከፊት ለፊት ቀርባችሁ እዩ። በጣታችሁ አትግፉት።

ደረጃ 7፦ ለአጣማሪ ማመቻቸት

ይህ ክፍል ለተጫዋቾች ነው። አሸናፊውን ቡድን ሁልጊዜ የሚለየው ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ብቻውን የሚጫወት ሰው የሚያስቀረው ቁጥር ለራሱ ነው። እዚህ ግን የሚያስቀሩት ለሌላ ሰው ነው።

ከጨዋታው በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የምትወደው ደብል የትኛው ነው?» አብዛኛው ሰው ደብል 16 ወይም ደብል 20 ይላል። ደብል 16፣ ማለትም 32፣ ለጀማሪ የተሻለ ነው። ወደ ውስጥ ስታችሁ ነጠላ 16 ብትመቱ 16 ይቀራል፣ እሱም ደብል 8 ነው። ድጋሚ ብትስቱ 8፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2። ሁልጊዜ ደብል ይኖራችኋል። ከ40 ከተነሳችሁ ግን 20፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 5 ይመጣል። 5 ጎደሎ ቁጥር ነው፤ ለማስተካከል አንድ ፍላጻ ያባክናል።

አሁን 52 ቀርቷል፣ በእጃችሁ አንድ ፍላጻ ብቻ አለ እንበል። በአንድ ፍላጻ መዝጋት አይቻልም። አጣማሪያችሁ ደብል 20 ከወደደ 12 ምቱ፣ 40 ይቀርለታል። ደብል 16 ከወደደ 20 ምቱ፣ 32 ይቀርለታል። 37 ቢሆን ደግሞ 5 ምቱና 32 አስቀሩ። ከመስመሩ ሳትነሱ አጣማሪያችሁን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከፍ ያሉትን ቁጥሮችም እወቁ። በሦስት ፍላጻ የሚዘጋው ትልቁ 170 ነው፦ ሁለት ትሪፕል 20 እና ቡል። ከዚያ በታች ሆነው የማይዘጉ ደግሞ አሉ፦ 169፣ 168፣ 166፣ 165፣ 163፣ 162 እና 159። እነዚህን ለአጣማሪያችሁ አታውርሱ። ምሳሌ፦ 179 ቀርቶ አንድ ፍላጻ አላችሁ። ልማድ ሆኖ ወደ 20 ብትወረውሩና ነጠላ 20 ቢሆን 159 ይቀራል፤ አጣማሪያችሁ ምንም ቢያደርግ አይዘጋም። ወደ 19 ወርውሩ። ነጠላ 19 ቢሆን 160 ይቀራል፤ ሁለት ትሪፕል 20 እና ደብል 20 ይዘጋዋል። ትሪፕል 20 የማይመታ ሰው ምን ያደርግለታል አትበሉ። አንዳንድ ቀን ይመታል።

ተጋጣሚው ከ200 በላይ ቀርቶት ከሆነ ለራሳችሁ የማይሆን ደብል አታሳድዱ። ጥሩ ቁጥር አስቀሩና ዞር በሉ። ተጋጣሚው 40 ላይ ቆሞ ከሆነ ግን ማመቻቸት የለም፤ ያለውን ዕድል ሁሉ ሞክሩ።

ደረጃ 8፦ ምድቡን ዝጉ፣ ጥሎ ማለፉን ጀምሩ

የምድቡ አንደኛ ብቻ ያልፋል። ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ካለ አለቀ። ሦስቱም አንድ አንድ ካሸነፉ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. የሌግ ልዩነት፦ ካሸነፈው ሌግ የተሸነፈውን ቀንሱ።
2. ያሸነፈው ሌግ ብዛት።
3. የሦስቱም ቡድን ሁለቱ አባላት ሦስት ሦስት ፍላጻ ይወርውሩ። ድምሩ የበለጠ ያልፋል። አሁንም እኩል ከሆኑ እኩል የሆኑት ብቻ ይድገሙ።

ሦስተኛው ይመጣል ብላችሁ ላታምኑ ትችላላችሁ። ሦስቱም ጨዋታ 3 ለ 2 ካለቀ ግን የሌግ ልዩነቱ የሁሉም ዜሮ፣ ያሸነፉትም አምስት አምስት ይሆናል። እኛ ዘንድ ደርሷል።

በግማሽ ፍጻሜው የምድብ 1 አሸናፊ ከምድብ 4፣ የምድብ 2 ከምድብ 3 ይጋጠም። ይህንንም ከዕጣው በፊት ለጥፉ። የመጨረሻው ወሳኝ ሌግ ላይ ማን ይጀምራል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ቀላሉ መንገድ ፈረቃውን መቀጠል ነው፤ ቡሉን መጀመሪያ ያሸነፈው ይጀምራል። በ2025 ፍጻሜ ሰሜን አየርላንዶቹ ጆሽ ሮክ እና ዳሪል ገርኒ ዌልስን 10 ለ 9 ያሸነፉት በመጨረሻው ሌግ ነበር። የእናንተም እዚያ ሊደርስ ይችላልና መልሱን ቀድማችሁ ያዙ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ሰው ያለ ተራው ወረወረ።* የሚቀጥለው ሰው ሳይወረውር ከታወቀ ያ ነጥብ ይሰረዛል፣ ተራው ወደ ተጋጣሚ ያልፋል። ዘግይቶ ከታወቀ ነጥቡ ይቆያል፤ ትክክለኛው ተራ ከዚያ ይቀጥላል። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ሌግ አታፍርሱ።

*የነጥብ ስህተት ተገኘ።* ያ ቡድን ቀጣዩን ተራውን ሳይወረውር ከሆነ አስተካክሉ። ከወረወረ በኋላ ከሆነ የተጻፈው ይጸናል። ይከብዳል፣ ግን ይህ ከሌለ ክርክሩ ከአሥር ተራ በፊት ወደነበረው ይመለሳል።

*አንዱ ምድብ በጣም ዘገየ።* ሌላ ምድብ ቀድሞ ከጨረሰ ቦርዱን ውሰዱ። የሌጉን ብዛት ግን በመሃል አትቀንሱ፤ ቀድሞ የተጫወተው ቡድን ይበደላል።

*ቡድን አቋርጦ ሄደ።* በምድብ ውስጥ ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ሁሉ ሰርዙ። ቀሪዎቹ ሁለቱ እርስ በርስ ባደረጉት ይለዩ።

*ቦርዱ ተነቃነቀ።* ጨዋታውን አቁሙ፣ በሰያፍ ለኩ፣ አስተካክሉ። እስከዚያ የተመዘገበው ይቆያል።

*ጠጪ በዛ።* ቢራውን ለፍጻሜው አቆዩት። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብረት ጫፍ ያለው ነገር አይወርውር። ዳኛው ያለ ማብራሪያ ማስቆም ይችላል፤ ይህም በሕጉ ገጽ ላይ ይጻፍ።

*ፍጻሜው አለቀ።* የሁለቱ ቡድን አንድ አንድ ሰው ወረቀቱ ላይ ይፈርም፣ ውጤቱም ከዚያ በኋላ ይነገር። ወንበር ከመሰብሰቡና ልጆች ወደ መሃል ከመሮጣቸው በፊት አንድ ሰው በባትሪ ብርሃን ወለሉን ይፈትሽ፤ የተሰበረ የፍላጻ ጫፍ ሁልጊዜ ምንጣፉ ሥር ይቀራል።